የባህር ማዶ ምግብ በአዲስ አበባ

የባህር ማዶ ምግብ በአዲስ አበባ ሲባል መነሻቸው ከኢትዮጵያ ውጭ የሆነና በከተማዋ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ካፌዎችና መኖሪያ ቤቶች የሚዘጋጁ ምግቦች ማለት ነው። ይህ መጣጥፍ በተለይ የሚመለከተው ቂርቆስ ክፍለ ከተማን፣ በውስጡም ካዛንቺስን ሲሆን፣ አንድን ምግብ በአገሩ ቀምሶ የተመለሰ መንገደኛ ያንኑ ጣዕም አዲስ አበባ ውስጥ ሲፈልግ የሚገጥመውን ጥያቄም ያብራራል። ለዚህ ጥያቄ ዋና ምሳሌ ሆኖ የቀረበው የካምቦዲያ (የክመር) ምግብ ነው። በአዲስ አበባ ከጣሊያን፣ ከዓረብ፣ ከሕንድና ከቻይና ምግብ ጋር ሲነጻጸር ብዙም የማይታወቅ ቢሆንም፣ ከግብዓቶቹ ብዙዎቹ በኢትዮጵያ ገበያ ይገኛሉ።

ታሪክ

በአዲስ አበባ የውጭ አገር ምግብ ለሕዝብ በገንዘብ መቅረብ የጀመረው ከመጀመሪያዎቹ ሆቴሎች ጋር ነው። ከእነዚህ ዋነኛው በ1890ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ የተከፈተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የባህር ማዶ ዕቃ በቀላሉ ወደ ከተማዋ መግባት ጀመረ። የባቡር ጣቢያው የሚገኝበት ሰፈር ለገሃር ስያሜውን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ጣቢያው) ሲሆን፣ ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው።

በከተማዋ አመጋገብ ላይ ከሁሉም ይልቅ ሥር የሰደደው የጣሊያን ተጽዕኖ ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1936–1941) የቀረ ነው። ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ የሚሠራውን ተቋም በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይሉት ነበር። «ካዜ ኢንቺስ» (የኢንቺስ ቤቶች) የተባሉት መኖሪያዎች በአማርኛ አፍ ካዛንቺስ ሆኑ። ጣሊያኖች ከወጡ በኋላም ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ላዛኛ፣ ሱጎ፣ ኮተሌት፣ አሮስቶ፣ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ከነስማቸው ቀሩ። ዛሬ ፓስታ በበርበሬ ቁሌት ተሠርቶ፣ አንዳንዴም ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ «የውጭ ምግብ» የሚለው ሰው ጥቂት ነው።

ቀጣዩ ለውጥ የመጣው ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተመሠረተ፤ መቀመጫውም በካዛንቺስ አጠገብ ሆነ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው አዳራሽ ተመሠረተ። በ1969 ደግሞ ሂልተን ሆቴል በዚሁ አካባቢ ተከፈተ። ዲፕሎማቶች፣ የስብሰባ እንግዶችና የድርጅት ሠራተኞች ሲበዙ የየአገሩን ምግብ የሚፈልግ ተመጋቢም በዛ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቻይና ድጋፍ የተገነባው የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ ሲመረቅና የቻይና ተቋራጮች በከተማዋ መንገድና ቀላል ባቡር ሲሠሩ፣ በቻይናውያን የሚመሩ ምግብ ቤቶችም ተጨመሩ።

ከውጭ ዜጎች ሌላ ጣዕም ይዘው የመጡ ኢትዮጵያውያንም አሉ። በሶቪየት ኅብረትና በኩባ የተማሩ ተማሪዎች፣ በቤይሩትና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ እህቶች፣ ለንግድ ወደ ዱባይ፣ ባንኮክና ጓንዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎች፣ እንዲሁም የአየር መንገድ ሠራተኞች በየሄዱበት የለመዱትን ምግብ አገር ቤትም ይፈልጋሉ። ወደ ካምቦዲያ የሚሄድ መንገደኛም ብዙውን ጊዜ የሚያልፈው በባንኮክ በኩል በመሆኑ፣ የታይላንድንና የካምቦዲያን ምግብ አከታትሎ የመቅመስ ዕድል አለው።

ጣዕም የሚለወጥባቸው ምክንያቶች

አንድ ምግብ ከአገሩ ሲወጣ ጣዕሙ የሚለወጠው አብሳዩ ሙያ ስለጎደለው ብቻ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ግብዓት፦ ትኩስ ቅጠልና ሥር በጉዞ ላይ ሽታውን ያጣል። በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ የኮኮናት ወተት ከተፈቀፈቀ ትኩስ ኮኮናት ከሚጨመቀው ይለያል።

ዋጋ፦ ከውጭ የሚገባ ግብዓት በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር ከዶላር አንጻር በእጅጉ በመዳከሙ፣ እንዲህ ያለውን ግብዓት የሚጠቀም ምግብ ቤት ወይ ዋጋ መጨመር ወይ በአገር ውስጥ ምርት መተካት ግድ ሆኖበታል።

ከፍታ፦ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ፕኖም ፔን ግን ከባህር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። በዚህ ምክንያት ሩዝ ለማብሰልም ሆነ በእንፋሎት የሚሠራ ምግብ ለማርጋት አዲስ አበባ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልጋል። በምግብ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ብቻ የተከተለ አብሳይ ያልበሰለ ምግብ ሊያወጣ ይችላል።

ተመጋቢ፦ ምግብ ቤት የሚኖረው በደንበኛው ነው። ደንበኛው ቃሪያና በርበሬ የሚወድ ከሆነ ለስላሳው ምግብ ይቃጠላል፤ የዓሣ ሽታ የማይወድ ከሆነ ሽታው ይቀነሳል። ፓስታ በበርበሬ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የካምቦዲያ ምግብ

የካምቦዲያ ምግብ መሠረት ሩዝና የወንዝ ዓሣ ነው። ዓሣው በብዛት የሚገኘው ከቶንሌ ሳፕ ሐይቅና ከሜኮንግ ወንዝ ነው። በክረምት ሜኮንግ ሲሞላ የቶንሌ ሳፕ ወንዝ አቅጣጫውን ቀይሮ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ ሐይቁም ከበጋው ስፋቱ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ውሃው ተመልሶ ሲወርድ ዓሣ በብዛት ይያዛል። ሁሉም በትኩሱ ስለማይበላ ዓሣን በጨው ማቆየት የአመጋገቡ ምሰሶ ሆኗል።

የካምቦዲያ ምግብ ከታይላንድ ጋር ሲነጻጸር በአብዛኛው ብዙ አያቃጥልም። ጣዕሙ የሚገነባው ኮምጣጣን፣ ጨዋማን፣ ጣፋጭንና መራራን በማመጣጠን ነው። ኑድልና ጥብስ ከቻይናውያን ሰፋሪዎች፣ ረጅሙ ዳቦ ደግሞ ከፈረንሳይ አገዛዝ (እ.ኤ.አ. 1863–1953) የተወሰዱ ናቸው። ጣሊያን በአዲስ አበባ ማዕድ ላይ ከተወችው ጋር የሚመሳሰል ታሪክ ነው።

ክሮዩንግ

ክሮዩንግ በሙቀጫ የሚወቀጥ እርጥብ የቅመም ድልህ ነው። የሚገቡበትም ጠጅ ሳር፣ እርድ፣ ጋላንጋል የተባለ የዝንጅብል ዘመድ ሥር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንንሽ ቀይ ሽንኩርትና የማክሩት ሎሚ ቅጠል ናቸው። በሥራው ድልህን ወይም አዋዜን ያስታውሳል፤ ሆኖም መሠረቱ በርበሬ ሳይሆን ጠጅ ሳር ነው። በኤሌክትሪክ መፍጫ ቢፈጭም፣ ውሃ ሲጨመርበት ሽታው ስለሚቀንስ ብዙ ባለሙያዎች ሙቀጫን ይመርጣሉ።

ፕራሆክ

ፕራሆክ ተፈጭቶ ወይም ተከትፎ በጨው የታሸና እንዲብላላ የተቀመጠ ዓሣ ነው። ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሽታው ኃይለኛ በመሆኑ የውጭ ሰዎች «የካምቦዲያ አይብ» ይሉታል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በጣም የሚቀርበው ምሳሌ የበሰለ የቆየ ቅቤ ነው፤ ላልለመደው ሰው ሽታው ይከብዳል፣ ለለመደው ግን እሱ የሌለበት ወጥ ጎዶሎ ነው። ካምቦዲያን ያየ መንገደኛ «አንድ ነገር ጎድሎታል» የሚለው ምግብ ብዙ ጊዜ የጎደለው ፕራሆክ ነው።

ታዋቂ ምግቦች

አሞክ፦ ዓሣ በክሮዩንግ፣ በኮኮናት ወተትና በእንቁላል ተለውሶ፣ በሙዝ ቅጠል ሳህን ውስጥ በእንፋሎት የሚበስል ምግብ ነው። በደንብ የተሠራ አሞክ እንደ ወጥ አይፈስም፤ እንደ ክሬም ካራሜል ረጋ ይላል። ለጎብኚዎች በሚሠሩ ቤቶች ጊዜ ለመቆጠብ ሲባል እንደ መረቅ የሚቀርብ አሞክ በካምቦዲያም አለ።

ሳምሎር ማቹ፦ በሁመር (ሮቃ) ወይም በሌላ ፍሬ የሚኮመጥጥ የዓሣ ወይም የሥጋ ሾርባ ነው።

ሎክ ላክ፦ በትንንሹ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ጥብስ ሲሆን፣ ከሎሚ ጭማቂ፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ከሚዘጋጅ ማጥቀሻ ጋር ይቀርባል። የካምፖት ቁንዶ በርበሬ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 በመልክዓ ምድራዊ መለያ የተመዘገበ ነው።

ፕሊያ ሳች ኮ፦ በሎሚ ጭማቂ የታሸ ስስ የበሬ ሥጋ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ነው። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ለሚበላ ሰው እንግዳ አይሆንም።

ኖም ባንቾክ፦ ቀጭን የሩዝ ኑድል በዓሣና በክሮዩንግ መረቅ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ለቁርስ ይበላል።

በአዲስ አበባ የሚገኙ ግብዓቶች

ጠጅ ሳር በኢትዮጵያ ይበቅላል፤ በየቤቱ የሚታወቀው ግን ለበዓል በሚጎዘጎዝበትና ለሽታው በሚፈለግበት ጊዜ ነው። ለክሮዩንግ የሚፈለገው ቅጠሉ ሳይሆን ነጭ የሆነው የግንዱ ታችኛ ክፍል ነው።

እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ለውዝ በማንኛውም ገበያ ይገኛሉ። የአገር ውስጡ ቀይ ሽንኩርት ትንሽና ጠንካራ ስለሆነ ለክሮዩንግ ይስማማል። እርድ በብዛት የሚሸጠው ተፈጭቶ በመሆኑ፣ ትኩሱ ከተገኘ ይመረጣል።

የአገራችን ሎሚ ትንሽና ኃይለኛ ስለሆነ ለሎክ ላክ ማጥቀሻ ተስማሚ ነው። የማክሩት ሎሚ ቅጠል በማይገኝበት ጊዜ የሎሚ ልጣጭ ይተካዋል፤ ሽታው ግን አንድ አይደለም።

ዓሣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና ሐይቆች ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። ለአሞክ ቆሮሶም አምባዛም ይሆናሉ፤ አምባዛ ሥጋው ወፍራምና ቅባታማ በመሆኑ ሲበስል አይበታተንም።

ሩዝ በፎገራ ወረዳ በስፋት ይመረታል። እዚያ የተስፋፋው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር በተያያዘ ሲሆን፣ ዛሬ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራም ይውላል። የካምቦዲያ ሩዝ ግን ረጅም ፍሬ ያለውና ሽታው ደስ የሚል ዓይነት በመሆኑ፣ ሽታውን የሚፈልግ ሰው ከውጭ የሚገባውን የጃስሚን ሩዝ ይገዛል።

የሙዝ ቅጠል ሙዝ ካለበት አይጠፋም፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆጮ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚጋገር በመሆኑ ምግብን በቅጠል ማብሰል ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም።

በአገር ውስጥ ለማግኘት የሚያስቸግሩት ሦስቱ ፕራሆክ፣ ጋላንጋልና ትኩስ የኮኮናት ወተት ናቸው። በጋላንጋል ምትክ ዝንጅብል፣ በፕራሆክ ምትክ ደግሞ የታሸገ የዓሣ መረቅ (ፊሽ ሶስ) ይገባል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አሞክ ወይም ሎክ ላክ ለዋናው በጣም ቀርቦ ሊሠራ ይችላል፤ በፕራሆክ ላይ የቆመ ምግብ ግን ፕራሆኩ ካልመጣ አይሆንም።

ጾምና የአመጋገብ ልማድ

የካምቦዲያ ምግብ ወተትና ቅቤ እምብዛም ስለማይገባበት ከጾም ጋር ይቀራረባል። ዓሣ በጾም መበላት አለመበላቱ በምዕመናን ዘንድ የሚለያይ ልማድ ሲሆን፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ብዙዎች አይበሉም። ዓሣ የሚበላ ጿሚ ቢሆንም አሞክ እንቁላል እንዳለበት ማወቅ አለበት። ሙሉ በሙሉ ለሚጾም ሰው ዓሣው በቶፉ ወይም በእንጉዳይ ይተካል፤ ነገር ግን ሳህኑ ላይ ዓሣ ባይታይም ክሮዩንጉ ወይም መረቁ ውስጥ የዓሣ መረቅ ሊኖር ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል።

የአሳማ ሥጋ በካምቦዲያ የተለመደ ነው፤ ታዋቂው የሩዝ ቁርስም ከአሳማ ጥብስ ጋር ይቀርባል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም በልማድ ስለማይበሉት አብዛኛውን ጊዜ በበሬ ወይም በዶሮ ሥጋ ይተካል። ሽሪምፕና ሸርጣን፣ ለአንዳንዶችም ቅርፊት የሌለው አምባዛ በተመሳሳይ ምክንያት ይቀራሉ። በካምቦዲያ የቻም ሙስሊሞች ስላሉ ያለ አሳማ የሚሠራ የካምቦዲያ ምግብ በአገሩም አለ፤ ይህ ዓይነቱ ለውጥ ምግቡን ከዋናው ያርቀዋል ማለት አይቻልም።

«ኦርጅናል» የሚለው ቃል

የአዲስ አበባ ተመጋቢ ምግቡ እንደ አገሩ ከተሠራ «ኦርጅናል ነው» ይላል። ቃሉ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያመለክታል፦ ግብዓቱ ከአገሩ የመጣ መሆኑን፣ አሠራሩ የአገሩ መሆኑን፣ ወይም አብሳዩ የዚያ አገር ሰው መሆኑን። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይገኙም። በአዲስ አበባ ቆሮሶና ጠጅ ሳር በሙቀጫ ተወቅጦ በሙዝ ቅጠል የተሠራ አሞክ በግብዓት ባይሆንም በአሠራር ኦርጅናል ነው። ከውጭ የመጣ የታሸገ ድልህ ተገዝቶ በድስት የተንተከተከው ደግሞ በተቃራኒው ነው።

ሌላው ችግር ማነጻጸሪያው ራሱ ነው። መንገደኛ በአብዛኛው የሚቀምሰው በአንኮር ዋት አጠገብ በምትገኘው ሲየም ሪፕ ለጎብኚ የሚቀርበውን ነው፤ እሱም ለውጭ ሰው እንዲስማማ የለሰለሰ ሊሆን ይችላል። በብዙ የዓለም ከተሞችም የካምቦዲያ ምግብ ራሱን ችሎ ሳይሆን በታይላንድ ወይም በቬትናም ምግብ ቤት ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። አሞክ «ሆ ሞክ» ከሚባለው የታይላንድ ምግብ ጋር ስለሚመሳሰል አንዱ በሌላው ስም ሊቀርብ ይችላል።

በካምቦዲያ ጥያቄው ከምርጫ ያለፈ ክብደት አለው። የክመር ሩዥ አገዛዝ (እ.ኤ.አ. 1975–1979) ከተሞችን ባዶ አድርጎ፣ በቤት ማብሰልን ከልክሎ ሕዝቡን በጋራ ማዕድ ቀጭን የሩዝ ገንፎ አበላ። በረሃብ፣ በሥራ ብዛት፣ በበሽታና በግድያ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ አለቀ። የምግብ አሠራር ከእናት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ በመሆኑ ብዙው ከባለቤቶቹ ጋር ጠፋ። ሼፍ ሮታናክ ሮስ በየገጠሩ እየዞሩ አረጋውያንን በመጠየቅ የተረሱ አሠራሮችን በመሰብሰብ ይታወቃሉ። ስለዚህ «ዋናው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ በአገሩም ገና መልስ እየተፈለገለት ያለ ነው።

እንጀራ በባህር ማዶ

ኢትዮጵያውያን ይህን ጥያቄ ከተቃራኒው ወገን ያውቁታል። ከ1966ቱ (ዓ.ም.) አብዮት በኋላ በዋሽንግተን ዲሲና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሰፈሩ ኢትዮጵያውያን ጤፍ ሲያጡ እንጀራን በስንዴ፣ በገብስ፣ በበቆሎና በሩዝ ዱቄት ቀላቅለው ጋገሩ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአይዳሆ ግዛት ጤፍ ለገበያ መመረት ጀመረ። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ሲከለክል፣ የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን መላኩ ቀጠለ፤ እገዳው በ2015 በከፊል ላላ። የተቀላቀለው እንጀራ ለአንዱ «እንጀራ አይደለም»፣ እዚያ ላደገ ልጅ ግን የእናቱ እንጀራ ነው።

የካምቦዲያ ስደተኞች ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ከተማ የሰፈሩበት አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2007 «ካምቦዲያ ታውን» ተብሎ ተሰይሟል። ብዙዎቹ ግን ኑሯቸውን የመሠረቱት የአገራቸውን ምግብ ሳይሆን ዶናት በመሸጥ ነው።

የቅርብ ጊዜ ሁኔታ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ) በኮሪደር ልማት ምክንያት ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ አካባቢዎች ተዛውረዋል። በዋና መንገዶች ዳር ያሉ ትልልቅ ሆቴሎች ሲቀሩ፣ በመንደሩ ውስጥ የነበሩ ቤቶች፣ ሥጋ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ተነሥተዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፉ የካዛንቺስ ምግብ ቤቶች አድራሻዎች ዛሬ ትክክል ላይሆኑ ይችላሉ።

በአሁኑ ጊዜ በቂርቆስ የእስያ ምግብ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው በሆቴሎችና በቻይና፣ በሕንድ ወይም በታይላንድ ስም በሚሠሩ ቤቶች ነው። የካምቦዲያን ጣዕም የሚፈልግ ሰው በምግብ ዝርዝሩ ላይ ካለው ስም ይልቅ ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል፦ ድልሁ በቤቱ ይዘጋጃል ወይስ የታሸገ ነው? ዓሣው በእንፋሎት ይበስላል ወይስ በድስት? ከዓሣ መረቅ ሌላ የተብላላ ዓሣ ይገባበታል? ለአሞክ አስቀድሞ ማዘዝም ይመከራል፤ ድልሁን ወቅጦ፣ ዓሣውን በቅጠል አድርጎ በአዲስ አበባ ከፍታ በእንፋሎት ማርጋት ተመጋቢው ተቀምጦ በሚጠብቅበት ጊዜ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ደግሞ ይዩ

ካዛንቺስ
ቂርቆስ (ክፍለ ከተማ)
ካምቦዲያ
ጠጅ ሳር
እንጀራ
ጤፍ